ቺንጋው መቼ ተቀየረ?

«ቺንጋው አዲስ ነው» ብሎ ነበር የሸጠልን። አልዋሸም። እኔና ወንድሜ ያቺን ሃያስ ስንገዛ ሻጩ ኮፈኑን ከፍቶ በጣቱ ነካ ያደረገው ጎማ እውነትም አዲስ ነበር፤ ጥቁረቱ ገና ያብረቀርቃል። ያሳየን ግን ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረውን የውጭ ቺንጋ ነው። እኛ የጠየቅነው በሽፋን ስር ተደብቆ የሞተሩን የውስጥ ሥራ የሚያስተካክለውን ነበር። መካኒኩ «ታይሚንግ ቺንጋ» ይለዋል፤ ሌላው ሰው ሁሉ ሁለቱንም በደፈናው «ቺንጋ» ይላቸዋል። አንድ ቃል ለሁለት ዕቃ መዋሉ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያወቅነው ስድስት ወር ሳይሞላ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ተሳፋሪ ሞልታ ወደ ከተማችን ይጁቤ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ጸጥ አለች። አልጮኸችም፣ አልጨሰችም፣ አልተንገጫገጨችም፤ ሬዲዮ እንደሚዘጋ ሞተሩ ዝም አለ። ወንድሜ ቁልፉን ሲያዞር ማስነሻው እንደ ወትሮው አላቃሰተም። ሸክም እንደወረደለት አህያ ቀሎት ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ረዳቱ «ነዳጅ ነው፤ አየር ገብቶበታል» አለ። ከዚያ በአገራችን ልማድ መሠረት ተሳፋሪው ወርዶ ገፋ። ቄሱ ጥላቸውን አጥፈው፣ ተማሪው ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ከቶ፣ እናቶች ከኋላ «በርቱ» እያሉ ቁልቁል ገፏት፤ ወንድሜ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። አንድ ጊዜ ቀጭ አለች። ያ ድምፅ የገንዘባችን ድምፅ ነበር። ቴስታታው ሲወርድ ከስምንቱ ቫልቮች ስድስቱ ታጥፈው ተገኙ። የትኞቹ ቺንጋው ሲበጠስ፣ የትኞቹ ስንገፋ እንደታጠፉ የሚለይልን አልተገኘም፤ መካኒኩ ግን መግፋታችንን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ፣ ፒክአፕ ወይም አምቡላንስ የሚነዳ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ቺንጋው መቼ ተቀየረ? መልሱ ብዙ ጊዜ የትከሻ ንቅናቄ ነው።

ለገበሬ ልጅ ነገሩን ማስረዳት ቀላል ነው። ሞፈርና ቀንበሩን የሚያገናኘው ምራን ሲበጠስ በሬዎቹ ወደፊት ይሄዳሉ፣ ማረሻው መሬት ውስጥ ይቀራል። በሞተር ውስጥም ከታች ክራንክ ሻፍቱ ፒስቶኖቹን ሽቅብ ቁልቁል ያመላልሳል፤ ከላይ ካም ሻፍቱ ቫልቮቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ታችኛው ሁለት ዙር ሲዞር ላይኛው አንድ ዙር መዞር አለበት፤ ይህን ልክ የሚጠብቀው ጥርስ ያለው ቺንጋ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ቫልቩ ከመንገዱ ገለል ብሎ መገኘት አለበት። ቺንጋው ሲበጠስ ካም ሻፍቱ ባለበት ይቆማል፤ ክፍት የነበረው ቫልቭ ክፍት እንደሆነ ይቀራል፤ ፒስቶኑ ግን ገና እየመጣ ነው።

የናፍጣ ሞተር ላይ ጉዳቱ የሚከፋው አየሩን እጅግ አድርጎ ስለሚያፍን ነው። በእኛዋ ሃያስ ዓይነት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች 22 እጅ ገደማ የነበረው አየር ወደ አንድ እጅ ይታመቃል፤ ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ በእሱና በቴስታታው መካከል ለተከፈተ ቫልቭ የሚሆን ቦታ አይኖርም። ስለዚህ ናፍጣ ላይ ቺንጋ ተበጠሰ ማለት ቫልቭ ታጠፈ ማለት ነው ብሎ መነሳት ይሻላል። ቤንዚን ላይ ዕድል አለ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት የኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ እና 5ኤ-ኤፍኢ ሞተሮች ቺንጋቸው ቢበጠስ ፒስቶንና ቫልቭ አይገናኙም፤ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች፣ አዲስ ይገባላታል፣ ትሄዳለች። «እኔ ተበጥሶብኝ ምንም አልሆነም» የሚል ባለ ኮሮላ እውነቱን ነው። ምክሩን ለባለ ሃያስ ሲሰጥ ግን ያሳስተዋል።

ለመሆኑ የማን መኪና ቺንጋ አለው? እዚህ ላይ ውዥንብሩ ብዙ ነው። ከይጁቤ እህል የሚጭነው አይሱዙ፣ ኤንፒአርም ሆነ ኤፍኤስአር፣ የውስጥ ሥራውን የሚያስተካክለው በብረት ጥርሶች ነው፤ ሾፌሩ በዚህ ጉዳይ ቢስቅብን መብቱ ነው። ባጃጅም ይህ ጣጣ የለበትም። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ ኮሮላዎች፣ አዲስ አበባን ያጥለቀለቀችው ሱዙኪ ዲዛየር ባለ ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ናቸው። ካቴና ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ሲረዝምም ጠዋት ጠዋት እየተንኳኳ ይናገራል። ሰማያዊና ነጭ የነበሩት ላዳዎችም አብዛኞቹ ባለ ካቴና ነበሩ። የቪትዝ ባለቤት «ታይሚንግ ቺንጋህን ልቀይርልህ» የሚል ጋራዥ ካጋጠመው መካኒኩ ወይ አላወቀም ወይ አውቋል።

ጭንቀቱ የሚመለከተው እነዚህን ነው፤ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ሞተር የያዙት ሃያስና ሃይሉክስ፤ ጤና ጣቢያውና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምበት ባለ 1ኤችዜድ ላንድ ክሩዘር፤ ከዚያ የቀጠሉት 1ኬዲ እና 2ኬዲ። አዲሶቹ ሃይሉክሶች የያዙት 1ጂዲ እና 2ጂዲ ወደ ካቴና ተመልሰዋል። ሚትሱቢሺ ኤል200 እና ፓጄሮ ላይ ያለው 4ዲ56 ደግሞ ሁለት ቺንጋ አለው፤ ትልቁ ካም ሻፍቱን፣ ትንሹ የሞተሩን ንዝረት የሚያበርዱትን ዘንጎች ያዞራል። ትንሹ ተበጥሶ ቁራጩ ከትልቁ ጥርስ ስር ሲገባ ትልቁንም ይዞት ይሄዳል። ያንን ሞተር የያዘ ሰው አንዱን ቀይሮ ሌላውን ከተወ ምንም አልቀየረም።

ብረትን በጎማ መተካት ያን ያህል የቆየ ነገር አይደለም። ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲፈለሰፍ ለስፌት መኪና ነበር። በብዛት ወደሚመረት የመኪና ሞተር መጀመሪያ የገባው በ1962 እ.ኤ.አ. ግላስ የተባለ አነስተኛ የጀርመን ፋብሪካ 1004 በተባለች ሞዴሉ ላይ ሲያውለው ነው። ፋብሪካው ብዙም ሳይቆይ በቢኤምደብሊው ተገዛ፤ ሐሳቡ ግን ዓለምን ዞረ። ርካሽ ነው፣ አይንኳኳም፣ ዘይት አይፈልግም። በለውጡ የተወለደው ግዴታ አንድ ብቻ ነው፤ ቀን ቆጥሮ መቀየር። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ቺንጋውን ዘይት ውስጥ አስገብተው የሠሩ ፋብሪካዎች በሚፈረፈር ጎማ ምክንያት ከደንበኞቻቸው ጋር እየተነታረኩ ነው፤ የእኛዎቹ ግን ደረቆች ናቸው፣ ደርቀውም መቆየት ይፈልጋሉ።

ቀኑ ታዲያ መቼ ነው? ለኤል እና ለኤችዜድ ሞተሮች በብዛት የሚታወቀው ቁጥር 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለኬዲዎቹና ለአንዳንድ ገበያ ለተሠሩ ሌሎች 150,000። ናፍጣ ቶዮታ ብዙ ጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል ብርቱካናማ መብራት አላት፤ ቁጥሩ ሲደርስ ትበራለች። ይህቺ መብራት ብዙ ሰው እንደሚመስለው ቺንጋውን አታይም። የምታውቀው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቺንጋው ትናንት ቢቀየርና መብራቷን ወደ ዜሮ የመለሳት ባይኖር ትበራለች፤ ቺንጋው አሥር ዓመት ቢሞላውና አንድ ብልህ ሰው አምፖሏን ቢነቅል አትበራም። የእኛዋ ላይ አምፖሉ አልነበረም።

ይህ 100,000 የሚባለው ቁጥር ይጁቤ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብዬ አስቤዋለሁ። በቀን 150 ኪሎ ሜትር እየተመላለሰ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሚኒባስ 45,000 ይነዳል፤ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሳይሞላ ቁጥሩ ላይ ይደርሳል። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት በቀን 20 ኪሎ ሜትር የምትነዳ የቤት መኪና ግን እዚያ ለመድረስ ከ13 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ጎማ ደግሞ ሳይነዳም ያረጃል፤ የሞተር ሙቀትና የጊዜ ርዝመት ያደርቁታል። ስለዚህ ሁለተኛ ወሰን ያስፈልጋል፤ አምራቾችም እንደየሞተሩ ዓመት ያስቀምጣሉ። የእኔ ፍርድ አምስት ዓመት ነው፤ ስድስት ካለ ሰው ጋር አልጣላም፣ አሥር ካለኝ ጋር ግን አብሬው አልሳፈርም። ባለፉት ዓመታት መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ወራት ሙሉ ግቢ ውስጥ የቆሙ መኪኖች አሉ። ባለቤቶቻቸው «አልተነዳችም እኮ» ይላሉ። ቺንጋዋ ግን ዕድሜ እየቆጠረ ነበር።

ሦስተኛውን ነገር ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም። ኪሎ ሜትር የሚቆጥረው የጎማን ዙር ነው፤ ቺንጋውን የሚበላው የሞተሩ ዙር ነው። አስፋልት ሜዳ ላይ በሰዓት 80 እየሄደ በደቂቃ 2,500 ዙር የሚዞር ሞተር በአንድ ኪሎ ሜትር 1,875 ጊዜ ይዞራል። ያው ሞተር፣ በዚያው 2,500 ዙር፣ ዳገት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ በሰዓት 20 ሲጎተት በአንድ ኪሎ ሜትር 7,500 ጊዜ ይዞራል። አራት እጥፍ! ከጎሐ ጽዮን ወርዶ አባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና፣ ወይም ከባሶ ሊበን ቆላ ወደ ደጋው ሰውና እህል የሚያወጣ ፒክአፕ የሚነዳው አንድ ኪሎ ሜትር ለቺንጋው ሦስትም አራትም ነው። መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚያልፈውን ሰዓት ደግሞ ቆጣሪው ጭራሽ አያውቀውም። ቶዮታ ራሱ ለአሜሪካ ገበያ ባወጣቸው የጥገና መጻሕፍት ቆሞ ለሚሠራና በዝግታ ረጅም ለሚነዳ መኪና፣ ለታክሲ፣ ለፖሊስ፣ ዕቃ ለሚያድል፣ 90,000 ማይል የነበረውን ወደ 60,000 ያወርደዋል። በሲሶ መቀነስ ማለት ነው። በዚህ ስሌት የይጁቤ ሚኒባስ 100,000 የሚለውን መጠበቅ የለበትም፤ እኔ 70,000 ላይ እቀይራለሁ።

አቧራና ዘይት ሌላው ነገር ነው። ምራን ሲደርቅ ቅቤ ወይም ሞራ ይቀባል፤ ቆዳ ቅባት ይወዳል። አንድ ሾፌር ከዚያው ልማድ ተነስቶ ሊሆን ይችላል የሚጮህ ቺንጋ ላይ ዘይት ጠብ ሲያደርግ አይቼ ጮኼበታለሁ። ጎማ በዘይት ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጥርሱ ከጀርባው ይለቃል። ከክራንክ ሻፍቱ ወይም ከካም ሻፍቱ ጫፍ ሲል የሚባለው የዘይት ማገጃ ጎማ ማፍሰስ ከጀመረ ቺንጋው በ20,000ም ሊሞት ይችላል። አቧራውን ደግሞ የምንጠራው እኛው ነን። ፋብሪካው ሽፋኑን ሙሉ አድርጎ በስንት ብሎን አስሮት ነበር፤ ሦስት ጋራዥ ዞሮ ሲመጣ በሁለት ብሎን ተንጠልጥሎ ይገኛል። ከጎማ የተፈናጠረች ጠጠር በዚያ ክፍተት ከገባች የምታርፈው ቺንጋውና ፑሊው መካከል ነው።

ምልክት አለው ወይ ለሚለው፣ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም፤ የሚጨስ ነገር የለማ። የሚጮህ ካለ ብዙውን ጊዜ ኩሽኔታው ነው እንጂ ቺንጋው አይደለም። ቺንጋው የሚናገረው ሽፋኑ ተከፍቶ ለሚያይ ሰው ነው። የእኛን ሞተር የሠሩት ሽማግሌ መካኒክ ቁራጩን አንስተው ወደ ውስጥ ገልብጠው በሁለት አውራ ጣታቸው ወጠሩት። በጥርሶቹ ስር፣ ልክ የክረምት መሬት በጥቅምት እንደሚሰነጣጠቀው፣ ቀጫጭን መስመሮች ተከፈቱ። ጀርባው ተልጎ ያንጸባርቃል፤ የታተመበት ጽሑፍ ጠፍቷል፤ ዳር ዳሩ እንደ አሮጌ ነጠላ ጥለት ክር አውጥቷል።

«ጋሼ፣ ከስንት ዓመት በፊት የተቀየረ ይመስልዎታል?» አላቸው ወንድሜ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? አንተ ነህ ስትነዳው የከረምክ» አሉት ቀና ሳይሉ።

መቀየሩ ራሱ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። አሮጌው ከመውጣቱ በፊት በፑሊዎቹ ላይ ያሉት ምልክቶች ከትይዩአቸው ጋር መግጠም አለባቸው፤ ሽማግሌው በነጭ ቀለም ነካ ነካ አደረጓቸው። አጥባቂውን ኩሽኔታ በጣታቸው አሽከርክረው ጆሯቸውን አስጠጉ። ሻካራ ድምፅ ሰምተው ወረወሩት። አዲስ ቺንጋ በአሮጌ ኩሽኔታ ላይ ማሰር አዲስ ገመድ በበሰበሰ ችካል ላይ እንደማሰር ነው፤ ኩሽኔታው ሲነክስ ቺንጋውን ይዞት ይወድቃል። ከውጭ የሚመጣ ምክር «የውሃ ፓምፑንም አብረህ ቀይር» ይላል። ፓምፑ በዚያው ቺንጋ ለሚዞርበት ሞተር ልክ ነው፤ የሃያሶቹ ኤል ሞተሮችና የኤችዜዱ ፓምፕ ግን በውጭው ቺንጋ ስለሚዞር ካላፈሰሰ ገንዘብ ማባከን ነው። ያንን ገንዘብ ለሲሎቹ ያውሉት።

ከሁሉ ያስደነቀኝ መጨረሻው ነው። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ወንድሜ ቁልፉን ሊያዞር ሲል እጃቸውን አነሱ። ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ ከታች የክራንኩ ብሎን ላይ ሰክተው ሞተሩን በእጃቸው ሁለት ሙሉ ዙር አዞሩት፤ ቀስ ብለው፣ እጃቸው የሚነግራቸውን እያዳመጡ። የተጋጨ ነገር ካለ እጅ ቆም ይላል፤ ማስነሻ ግን አይቆምም። ምልክቶቹ ተመልሰው ሲገጥሙ ብቻ «አሁን» አሉ። ይህን የሁለት ደቂቃ ሥራ የሚዘል ጋራዥ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ዕቃው ከየት ይምጣ የሚለው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ይጁቤ ላይ የሚገኘው የውጩ ቺንጋ ነው፤ የውስጡን ደብረ ማርቆስ፣ ካልሆነም አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ያስልካል። የጃፓን ስም የታተመበት ካርቶን የጃፓን ዕቃ ማለት አይደለም። ጥርሱን ከአሮጌው ጋር አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ጎኑ ላይ የታተመውን ቁጥር አመሳክሮ መግዛት የሻጩን መሐላ ከመስማት ይበልጣል። ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ደግሞ ይዞት የመጣውን ቺንጋ አምኖ እንዳይገጥም፤ ሞተሩ መሬት ላይ እንዳለ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ መኪናው ውስጥ ከገባ የቀን። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ሲንር «ትንሽ ትቆይ» የሚለው ፈተና በርትቷል። ቺንጋና ኩሽኔታ ውድ ሆኑ፤ ቫልቭ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የቶርኖ ቤት ክፍያና ሥራ የተፈታበት ቀን ግን የረከሰ የለም።

እኔ ግን የችግሩ ሥር ከዋጋውም ከኪሎ ሜትሩም ይልቅ ማን ያስታውሳል የሚለው ይመስለኛል። ባለቤቱ አንድ ከተማ፣ ሾፌሩ ሌላ ከተማ ነው። ሾፌሩ የቀን ገቢ ያስገባል፤ መኪናዋን አንድ ቀን ካቆማት ገቢው ከየት ይመጣል? ባለቤቱ ደግሞ የማይጮህ ዕቃ ቀይር ሲባል የሾፌር ተንኮል ይመስለዋል። የዓመት ቦሎ ሲወጣ ፍሬንና መብራት ይታያል እንጂ ሽፋን ተከፍቶ ቺንጋ አይታይም። ሾፌር ይለዋወጣል፣ መኪና ይሸጣል፣ ቺንጋው የተቀየረበት ቀን ከሰው ወደ ሰው ሳይተላለፍ ይቀራል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና ቺንጋ የለውም፤ ይጁቤ እስኪደርስ ግን መንገዱ ላይ የሚቆዩት እነዚሁ አሮጌዎቹ ናቸው፣ በስድስተኛና በሰባተኛ ባለቤት እጅ። ስለዚህ ታሪኩ ያልታወቀ መኪና የገዛ ሰው ቺንጋው ዛሬ የሚያልቅ ነው ብሎ ይነሳ። ቀይሮም ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምር።

መንገድ ላይ ከተበጠሰስ? ማስነሻው ቀሎት ከዞረ ቁልፉን ትቶ መጎተቻ መጥራት ነው። መግፋት የለም፣ ማርሽ አስገብቶ ማንደርደር የለም፣ «አንዴ እንሞክር» የለም። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ሞተሩ ሲቆም መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ስለዚህ እየረገጡ መልቀቅ ሳይሆን አንዴ አጥብቆ ረግጦ እስክትቆም መያዝ ነው። የአባይ ቁልቁለት ላይ ይህን ማወቅ ከቫልቭም ይበልጣል።

ሽማግሌው ሥራቸውን ሲጨርሱ አዲሱ ሽፋን ላይ በነጭ ቀለም ቀኑን ጻፉ። ወንድሜ «ኪሎ ሜትሩንም ይጻፉልን» አላቸው። ወደ ዳሽቦርዱ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ብሩሹን ጨምቀው ወደ ጣሳው መለሱት። ቆጣሪው እኛ ከገዛናት ቀን ጀምሮ አንድ ቁጥር ላይ ቆሟል።